«ስጠው» ያልኩበት ጠዋት

ባለፈው ጀምሬ ያቋረጥኩት ነገር አለ፤ ዛሬም መጨረሴን እንጃ። በደረቀው በቆሎ መካከል ቁጢጥ ብዬ፣ እርጥበቱ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ ለማየት አፈሩን በጣቴ እየጫርኩ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ከሥሩ ያጨደውን አገዳ ተሸክሞ መጣና «ፍሬ እንደሆነ አልያዘም፤ ለቡሬ ልስጠው?» አለኝ። እኔም ቀና ሳልል «ስጠው» አልኩት።

ቡሬን ታውቁታላችሁ፤ የዚህ ዝግጅት ተባባሪ አዘጋጅ የምለው በሬዬ ነው። የታችኛው አንጓ በመንጋጋው ውስጥ ቀጭ ሲል ነው የነቃሁት። ድርቅ የመታው በቆሎ ከአፈር የሳበውን ናይትሬት የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ፕሮቲን መለወጥ ሲያቅተው በአገዳው፣ ይልቁንም በታችኛው ሲሶ ያከማቸዋል፤ ይህም በከብቱ ሆድ ወደ ናይትራይት ተለውጦ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። በዚያ ላይ ከሁለት ቀን በፊት ካፊያ ጥሎ ነበር፤ ተክሉ ውኃ ሲያገኝ ደግሞ ናይትሬቱ ለጥቂት ቀናት ይብሳል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ግን «ስጠው» አልኩ።

ሮጬ ከአፉ ነጠቅኩት፤ ምንም አልሆነም። ወንድሜ ግን በሬውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

ከዚያ በኋላ የቀረውን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገን አጨድን። እርሱ ጉቶውን ገልብጠን እንረስ ይላል፤ ቆርቁር የሚባለው አገዳ ሰርሳሪ ትል በአገዳው ውስጥ እንደሚደበቅ ስለሚያውቅ ነገሩ ከንቱ አይደለም። እኔ ደግሞ ካረስን በጣቴ ያገኘኋት ጥቂት እርጥበት ትተናለች፣ ጉቶው ቆሞ አፈሩን ይከልልና በመሐል ቦሎቄ እንዝራ እላለሁ። ለነገሩ በበቆሎው ላይ የረጨነው ፀረ አረም አትራዚን መሆኑን ያስታወስኩት ይህን ከተናገርኩ በኋላ ነው፤ አትራዚን በደረቅ አፈር ውስጥ ቶሎ አይፈርስም፣ ቦሎቄንም ይጎዳል። ማሽላ ይችለዋል፤ ግን ለማሽላ ጊዜው ይበቃ ይሆን? እንግዲህ በዚያች ጠዋት ሁለት ጊዜ መሳሳቴ ነው፤ ወይም አንዱን ስህተት ሁለት ጊዜ ሠራሁት።

የታጨደውን ገፈራ ብናደርገው፣ ማለትም እርጥቡን ከትፈን አየር በማይገባበት ብናፍነው፣ ናይትሬቱ በመብላላት ይቀንሳል፤ ማድረቅ ብቻውን ግን አይቀንሰውም። ያ የመጀመሪያው ሸክም አሁንም አጥሩ ላይ ተደግፎ ደርቋል። ወንድሜ በአጠገቡ ሲያልፍ ምንም አይልም፣ እኔም አላነሳሁትም፤ ቡሬ ብቻ እዚያ ሲደርስ አንገቱን ያሰግጋል...