ፈቃዱን መጠየቅ ድፍረት አይደለም

ውድ ታካሚዎች፣ ውድ አስታማሚዎች፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ስትሮክ የመታው አባት፣ የጉልበት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት እናት ወይም አንገቱ አልጸና ያለ ሕፃን ያለው ቤተሰብ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በእጅና በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ፣ ሲፈልግ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቅርበትና ስለ ዋጋ ነው። «የሙያ ፈቃድ አለዎት ወይ?» ለማለት ግን አፍ ይያያዛል። ሊረዳን የመጣን ሰው መጠርጠር ነውር ይመስለናል። እኔ ዛሬ የቆምኩት ይህን ይሉኝታ እንድትተዉት ልለምናችሁ ነው።

የኛ የፊዚዮቴራፒስቶች እጅ አንገት ያዞራል፣ የተሰፋ ጅማት ይለጥጣል፣ አጥንቱ የሳሳ አዛውንት ደግፎ ያቆማል። ወገቡን አሞት የመጣን ሰው ከመንካታችን በፊት «ሽንትዎን መቆጣጠር አቅቶዎታል? በጭኖችዎ መካከል ይደነዝዝዎታል?» ብለን እንጠይቃለን። አዎ ካለ በአከርካሪው ግርጌ ያሉት ነርቮች ተጨፍልቀው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ መዘግየቱ ለዘለቄታው ሊጎዳው ይችላል። ይህን መጠየቅ ያልተማረ ሰው እጁ የቱንም ያህል ቢያሳርፍ ያስፈራኛል። የማሳጅ ባለሙያውንም የስፖርት አሠልጣኙንም አከብራለሁ፤ ሥራቸው ግን ሌላ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጣራል? ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አይታችሁ አትመለሱ። ፈቃድ ጊዜው ያልፋል፣ ይታገዳል፣ ይሰረዛል፤ ወረቀቱ ግን እንደተሰቀለ ይቆያል። ትክክለኛው መልስ የሚገኘው ፈቃዱን ከሰጠው አካል መዝገብ ነው። በብሪታንያ የጤናና እንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት፣ በአሜሪካ የየክፍለ ግዛቱ ቦርድ መዝገባቸውን ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል፤ ማንም ሰው ስም አስገብቶ በነፃ ያያል። በብሪታንያ እንዲያውም ሳይመዘገቡ «ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» ማለት በሕግ ያስጠይቃል። መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ በሌለበት አገር ደግሞ ወደ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ስልክ መደወል ወይም በአካል መሄድ ነው።

መዝገቡን ስታዩ ስሙን አግኝታችሁ አትዝጉት። የፈቃድ ቁጥሩ ባለሙያው ከነገራችሁ ጋር ይመሳሰላል? የሚያበቃው መቼ ነው? የተጣለበት ገደብ ወይም የዲሲፕሊን ውሳኔ አለ? ፈቃዱ የት ድረስ እንደሚሠራም እዩ። በአሜሪካ የአንዱ ክፍለ ግዛት ፈቃድ፣ በመካከላቸው የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ በሌላው አይሠራም። በቪዲዮ የሚያክማችሁ ባለሙያም በአብዛኛው እናንተ ባላችሁበት ክፍለ ግዛት መፈቀድ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፦ የክሊኒኩ ፈቃድ የባለሙያው ፈቃድ አይደለም። ክሊኒኩ ሕጋዊ ሆኖ የሚያክማችሁ ሰው ፈቃድ የሌለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማጣራት ያለባችሁ የሚነካችሁን ሰው ስም ነው። የፊዚዮቴራፒስት ረዳት ከሆነ ማን እንደሚቆጣጠረው፣ የመጀመሪያውን ምርመራና የሕክምናውን ዕቅድ ማን እንደሠራ ጠይቁ።

ፈቃድ መነሻ ነው እንጂ ሁሉን ነገር አይነግርም። ሕፃናትን ሲያክም የኖረ ሰው ለስትሮክ ታካሚ የግድ አይመረጥም፤ «እንደኔ ያለ ታካሚ ብዙ ጊዜ ያክማሉ?» በሉት።

ስሙ ከመዝገቡ ከታጣ ወዲያው አትፍረዱ። በትዳር የተለወጠ ወይም ፊደሉ የተለያየ ስም ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን ተቀብላችሁ እንደገና ፈልጉ። ቁጥሩን ለመስጠት ካመነታ ወይም ከተቆጣ ሕክምናውን አትጀምሩ፣ ለብዙ ቀጠሮ የሚሆን ገንዘብም በቅድሚያ አትክፈሉ። አሳስቷችሁ ከሆነ ለፈቃድ ሰጪው አካል አመልክቱ፤ ከናንተ በኋላ የሚመጣ ሌላ ታካሚ አለ።

ባልደረቦቼ፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ታካሚው እስኪጠይቀን አንጠብቅ። የፈቃድ ቁጥራችንን በቀጠሮ ካርዱ ላይ እንጻፈው፤ በመጀመሪያው ቀን ስማችንን ስንነግረው የት ሊያጣራው እንደሚችልም አብረን እንንገረው።

አመሰግናለሁ። በስልካችሁ መዝገብ መፈለግ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ከመድረኩ ስወርድ ወደኔ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።