«ልቤ አልተያዘበትም» የምንላት ነገር

ሕሊና፦ ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ ሰላምታውን አሳጥረን እንግባ፤ ሳምንቱን ሙሉ ማርቆስ ምዕራፍ 10 ላይ ነው የከረምኩት፣ ያ ሰውዬ አልለቀቀኝም።

ናትናኤል፦ ሀብታሙ ወጣት።

ሕሊና፦ እሱ። እስኪ አስበው ናቲ፣ እየሮጠ ነው የመጣው። ተንበርክኮ ነው የጠየቀው። ትእዛዛቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ጠብቄአለሁ ሲል ኢየሱስ ዋሸህ አላለውም። እንዲያውም ማርቆስ፣ አይቶ ወደደው ነው የሚለው። ድሃ የሚበድል፣ ሰው የሚያስለቅስ አይደለም ማለት ነው። ጥሩ ሰው ነው። ግን ያለህን ሁሉ ሽጠህ ለድሆች ስጥና ተከተለኝ ሲባል ብዙ ሀብት ስለነበረው አዝኖ ሄደ። እኔን ያስደነገጠኝም ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እኛ ሀብት እንቅፋት ነው ሲባል ቶሎ ብለን የምናስበው ስለ ክፉ ሀብታም ነው።

ናትናኤል፦ ሀብታም ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ከሚገባ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ቢያልፍ ይቀላል ስለሚለው ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነገረኝ የኖረው ሌላ ነው። «የመርፌ ቀዳዳ» የምትባል ትንሽ በር ኢየሩሳሌም ውስጥ ነበረች፣ ግመሉ ጭነቱን አራግፎ በጉልበቱ እየሄደ ያልፍባታል፤ ስለዚህ ሀብታምም ትንሽ ዝቅ ካለ ይገባል።

ሕሊና፦ እኔም ተምሬዋለሁ፣ ደስም ይለኝ ነበር። ግን በዚያ ዘመን እንደዚያ የምትባል በር እንደነበረች የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ማብራሪያው የመጣው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ግመል ሳይሆን ወፍራም ገመድ ነው የሚሉም አሉ፤ እሺ ገመድ ይሁን፣ እሱስ በመርፌ ቀዳዳ ያልፋል? ደቀ መዛሙርቱን ተመልከታቸው እኮ። ደንግጠው «እንግዲያ ማን ሊድን ይችላል?» ነው ያሉት። በሩ ጠባብ ነው ተብሎ የሚደነግጥ የለም። ኢየሱስም አይዟችሁ፣ ተንበርክካችሁ ታልፋላችሁ አላለም። በሰው ዘንድ አይቻልም፣ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ይቻላል ነው ያለው። በሩን ያሰፋነው እኛ ነን።

ናትናኤል፦ እሺ፣ ግን አንድ ነገር ልከራከርሽ። ሁሉን ሽጥ የተባለው ለሱ ነው። ቀራጩ ዘኬዎስ ግማሹን ለድሆች እሰጣለሁ ሲል ሌላውንም አምጣ አልተባለም፤ ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል ነው የተባለው። እነዮሐና እና ሶስና ኢየሱስን በገንዘባቸው ያገለግሉ ነበር። የአርማትያስ ዮሴፍ ሀብታም ነበር። ጳውሎስም የክፋት ሁሉ ሥር ያለው ገንዘብን መውደድን እንጂ ገንዘብን አይደለም።

ሕሊና፦ ልክ ነህ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ግን እኔ በዚያ እውነት ስደበቅ ኖሬአለሁ። «ችግሩ ገንዘብ ሳይሆን ገንዘብን መውደድ ነው፣ እኔ ደግሞ አልወደውም፣ ልቤ አልተያዘበትም» እላለሁ። በምን አወቅሁ? ሀብታሙ ወጣትም እኮ ያን ዕለት ጠዋት ብትጠይቀው ልቤ አልተያዘም ይልህ ነበር ብዬ አስባለሁ። መያዙን ያወቀው ልቀቅ ሲባል ነው። ፊቱ የጠቆረው ያኔ ነው። ዘኬዎስን ደግሞ ስጥ ያለው የለም፤ ግማሹን ለድሆች፣ የቀማውን ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ራሱ ተነስቶ ነው። እጁ ሲፈታ ነው ልቡ መፈታቱ የታየው።

ናትናኤል፦ ይሄን ስትይ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ሥራ ያጣሁበት ዓመት ነበር፣ ነግሬሻለሁ። በየማለዳው እጸልይ ነበር፤ ቅዱስ ስለሆንኩ ሳይሆን ሌላ መሄጃ ስላልነበረኝ። የወሩን የቤት ኪራይ እንኳ እለምን ነበር። ከዚያ ጥሩ ሥራ አገኘሁ፣ አመሰገንኩ፣ በአደባባይም መሰከርኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ማለዳ ልጸልይ ብዬ ቁጭ አልኩና የምለምነው ጠፋኝ። ምንም መጥፎ ነገር አልሠራሁም። አልሰረቅሁም፣ አልካድኩም። በቃ ደመወዜ ቀድሞ ይመልስልኝ ጀመር፤ ብታመም መታከሚያ አለኝ፣ መኪናዬ ቢበላሽ ማሠሪያ አለኝ። እግዚአብሔርን የምፈልገው ለትልልቅ ነገር ብቻ ሆነ፣ ትልልቅ ነገር ደግሞ በየቀኑ አይመጣም።

ሕሊና፦ የዘሪው ምሳሌ እኮ ነው። እሾህ መካከል የወደቀው ዘር በቅሏል፣ ወፍ አልበላውም፣ ፀሐይም አላደረቀውም። ታነቀ። «የባለጠግነትም ማታለል» ይላል። የሚያታልል ነገር ደግሞ ጠላት መስሎ አይመጣም።

ናትናኤል፦ ሎዶቅያም እንደዚያ ናት። ይሄን ታሪክ ካወቅሁ ጀምሮ ራእይ 3ን እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልኩም። በፈረንጆቹ 60 ዓ.ም. አካባቢ ከተማዋን የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሳት። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እንደሚለው ከሮም ምንም እርዳታ ሳትቀበል በራሷ አቅም ተነሳች። ስታስቢው የሚያስደንቅ ነው፣ ማንም ከተማ ይኮራበታል። በኋላ እዚያች ከተማ ላለችው ቤተ ክርስቲያን የተጻፈውን ስታነቢ ግን «ሀብታም ነኝ፣ አንድም ስንኳ አያስፈልገኝም» ትያለሽ ተብላለች። ጌታ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል። ውጭ ነው ያለው! ያባረረው የለም፣ ግን አላስፈለገም።

ሕሊና፦ (ዝምታ) አላስፈለገም። ከባድ ነው።

ናትናኤል፦ ግን ድህነትንም ቅድስና እንዳናደርገው። ሳጣም ቀን ከሌት የማስበው ስለ ገንዘብ ነበር። የሌለ ገንዘብም ይገዛል።

ሕሊና፦ ይገዛል፣ በደንብ። ድሃውን ደግሞ የሚጎዳው ሌላው ትምህርት ነው፤ እምነት ካለህ ትበለጽጋለህ የሚለው። ታሞ፣ አጥቶ ለተቀመጠ ሰው ይሄ ምን ማለት ነው? እምነት የለህም ማለት ነው። ኢየሱስ ግን በሀብታሙ ሰው ምሳሌ ውስጥ ስም የሰጠው በቁስል ተመትቶ ደጃፍ ላይ ለተኛው ለአልዓዛር ነው። በዚህ ጉዳይ ንግግሬን ማለሳለስ አልችልም፣ ብዙ ሰው ተሰብሮበታል።

ናትናኤል፦ ታዲያ ምን እናድርግ? ሁላችንም እንደ አባ እንጦንስ በረሃ እንውረድ?

ሕሊና፦ እንጦንስን ራሱን በደንብ እየው። ወላጆቹ ሞተው ወደ 300 አሩራ ለም መሬት ወርሷል፣ በዛሬው ልክ 80 ሄክታር ገደማ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ይሄው የሀብታሙ ወጣት ወንጌል ሲነበብ ሰማ። መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፣ ሌላውንም ሸጦ ለድሆች አደለ። ግን የሕይወት ታሪኩን የጻፈው አትናቴዎስ እንደሚለው ለእህቱ ብሎ ጥቂት አስቀርቶ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ «ለነገ አትጨነቁ» የሚለው ሲነበብ ሰማ፣ ያንንም ሰጠ፤ እህቱን ለታመኑ ደናግል አደራ አላት። እኔን የነካኝ በአንድ ቀን አለመጨረሱ ነው። እንጦንስ እንኳ በሁለት ጊዜ ነው የለቀቀው።

ናትናኤል፦ እኔን ደግሞ እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ የተናገረው ያዘኝ። በአንድ ስብከቱ ስለ አንድ የኦክስፎርድ ወጣት ይተርካል፣ ብዙዎች ስለ ራሱ ነው ይላሉ። መጀመሪያ ዓመት ያገኘው 30 ፓውንድ ነው፣ በ28ቱ ኖሮ 2 ሰጠ። በሁለተኛው ዓመት 60 አገኘ፣ አሁንም በ28 ኖሮ 32 ሰጠ። ከዚያ 90 አገኘ፣ 62 ሰጠ። በአራተኛው ዓመት 120 አገኘ፣ 92 ሰጠ። ገቢው አራት እጥፍ ሲሆን ኑሮው እዚያው ነው። እኔ ደመወዜ ሲጨመር ጭማሪው ገና ሳይገባ የምገዛበትን አስቤ እጨርሳለሁ።

ሕሊና፦ ልጠይቅህ? ዛሬ ያለህን ሁሉ ሽጥ ብትባል መጀመሪያ ፊትህን የሚያጠቁረው ምንድን ነው?

ናትናኤል፦ ቁጠባዬ። ቤቱም መኪናውም አይደለም። ማታ ከመተኛቴ በፊት ስልኬ ላይ ቁጥሩን አያለሁ። ካየሁት በኋላ ነው የምረጋጋው፣ እውነቱን ልንገርሽ። ለአንቺስ?

ሕሊና፦ የኔ ቤቱ ነው። ለፍቼበታለሁ። «የኔ» የሚለው ቃል ከአፌ አይጠፋም። ሉቃስ 12 ላይ ያለውን ባለ እህሉን ሰውዬ አስታወስከው? ጎተራዬን፣ ፍሬዬን፣ ነፍሴን፣ ሁሉም የሱ ነው፤ የሚያወራውም ከራሱ ጋር ብቻ ነው። ቤቴ ውስጥ አንድ ትርፍ ክፍል አለ። ማደሪያ የቸገራት ሰው አውቃለሁ። ስድስት ወር ሙሉ እያሰብኩበት ነው።

ናትናኤል፦ ስድስት ወር?

ሕሊና፦ ስድስት ወር። ዛሬ እደውልላታለሁ። አንተስ?

ናትናኤል፦ ያለፈው ወር ጭማሪ ገና አልተነካም። ከባለቤቴ ጋር ዛሬ ማታ እናወራበታለን፣ እሷ እንደሆነ ከኔ ቀድማ ነው የምትሰጠው። ቁጥሩንም ማታ ማታ ማየት አቆማለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ጠይቂኝ፣ እዚሁ፣ ሰው እየሰማ።

ሕሊና፦ እጠይቅሃለሁ። አንተም ጠይቀኝ።