ማጭድ ሲዘገይ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከደንቢያም ከጎንደር ዙሪያም የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ዋላችሁ! የሐምሌ ሰማይ አይታመንምና አሳጥራለሁ።

በእጄ የያዝኩት ሁለት አገዳ ዝሆኔ ሣር ነው፤ ሁለቱም ዛሬ ጠዋት ከዚሁ ማሳ ታጨዱ። ይህኛው ከወገቤ ትንሽ ያልፋል፤ ቅጠሉ የበዛ፣ አገዳው ጥፍር የሚያስገባ ነው። ያኛው ከእኔ ይረዝማል። ስሰብረው ድምፁን ሰማችሁ? እንጨት ሆኗል። ብዙዎቻችን ግን ሸክሙ ስለሚከብድ የረዘመውን እንመርጣለን። ላም በሸክም ብዛት አትታለብም።

ሣር ሲያረጅ ፕሮቲኑ ይወርዳል። ከደረቅ መኖው ውስጥ ፕሮቲኑ ከ7 በመቶ ገደማ በታች ሲሆን፣ በከብቷ ሆድ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ራሳቸው ይራባሉ። በወተቷ የምትታወቀው የፎገራ ላም ብትሆን እንኳ ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች። ስለዚህ ዝሆኔ ሣር 1 ሜትር ገደማ ሲደርስ ይታጨድ።

የሜዳው ሣር ነገር ይከብዳል። እኛ ድርቆሽ የምናጭደው በኅዳር፣ ዘሩ ረግፎ ካለቀ በኋላ ነው። «በመስከረም ብናጭደው ዝናብ ያበሰብሰዋል» ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። እኔም አንድ ዓመት ቸኩዬ ሙሉ ክምር ሻግቶብኛል። ሁሉን በአንድ ጊዜ አትጨዱ። ሣሩ ማበብ ሲጀምር፣ ፀሐይ የወጣበትን ቀን ጠብቃችሁ ከፊሉን እጨዱ፤ ሳስቶ ይሰጣ፣ ይገላበጥ።

ወደ ማዳበሪያው ልምጣ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሣሩን ያፋፋል፣ በጊዜው ከታጨደም ፕሮቲኑን ከፍ ያደርጋል። ዩሪያ በትኖ አጨዳን ማዘግየት ግን በውድ ዋጋ አገዳ መግዛት ነው። ከአጨዳ በኋላ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ይጨመር፤ ዝናብ ሳያሰርገው ላይ ላዩን ከቆየ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይሄዳል። ብዙ ዩሪያ የበላ ሣር ድርቅ ከመታው ደግሞ ከብት ሊመርዝ ይችላልና ተጠንቀቁ።

ማገጥ፣ ያ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው የሜዳ መኖ፣ ባለበት ሜዳ ዩሪያ አያስፈልግም። ማገጥ ናይትሮጅኑን ከአየር ያገኛል፤ ዩሪያ ሲበዛ ሣሩ ይፋፋና ያፍነዋል።

ኩበት አታንድዱ አልልም፤ እናቴም እንጀራ የጋገረችልኝ በኩበት ነው። ናይትሮጅኑ በእሳት ቢጠፋም አመዱ ፎስፈረስና ፖታሲየም ይዟልና ለሣሩ ስጡት። የከብቱንም ሽንት ከበረቱ ቦይ ቀዳችሁ ወደ ሣሩ መልሱት፤ ከእበቱ የማይተናነስ ማዳበሪያ ነው።

አሁን ማጭድ የያዛችሁ ተከተሉኝ። አንዱን መደብ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር አስቀርተን፣ ሌላውን እስከ መሬት ጠርገን እናጭዳለን። ለመስቀል ሰሞን ተመልሳችሁ የትኛው እንዳቆጠቆጠ እዩ።