ጠብ ያለልሽ ነገር አለ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። አንድ ጥያቄ ተጠይቄ በሰዓቱ መልስ አጣሁለት። እስቲ እዚህ ከናንተ ጋር ልመልሰው።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ላፕቶፕ ላይ ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ቀበሮ ከድንጋይ ድንጋይ ትዘላለች። ትንሽ ቆሞ አየና «አሁንም ጌም እየሠራሽ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «አራት ዓመት ሆነሽ አይደል? ለመሆኑ እስካሁን ጠብ ያለልሽ ነገር አለ?»

በክፋት አልጠየቀኝም። ያስብልኛል። ቀን ሥራ ላይ እውላለሁ፣ ማታ ደግሞ ዓይኔ እስኪቀላ ስክሪን ላይ አፈጣለሁ። ይህን ስለሚያውቅ ነው። «ምንም» አልኩትና ወሬ ቀየርኩ። ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ምክንያቱም «ምንም» ያልኩት እውነት አልነበረም። ጠብ ያለልኝ ነገር አለ። እሱ ባሰበው መንገድ የሚቆጠር አይደለም እንጂ።

ከቀበሮዋ ልጀምር።

የስልክ ጌም አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ እያደሰ ነው የሚያሳያችሁ። አንዷ ምስል ፍሬም ትባላለች። ለአንድ ፍሬም ያለው ጊዜ 17 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ኮዱ ሁሉን ነገር ማወቅ አለበት። ጣት ስክሪኑን ነክቷል? ቀበሮዋ መሬት ላይ ናት ወይስ አየር ላይ? የጻፍኩት ሕግ ቀላል ነበር። እግሯ መሬት ከነካ ትዘላለች፣ ካልነካ አትዘልም። ትክክል መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የ8 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ተጫወተው። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ቀበሮዋ ትወድቅበታለች። «አክስቴ፣ ነክቼ ነበር እኮ!» አለኝ። አልነካህም አልኩት። እንደገና ወደቀ። «ኧረ ነክቻለሁ!» ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሦስተኛው ሙከራ የስልኩን ስክሪን ቀዳሁትና ማታ እያንዳንዷን ፍሬም እያስቆምኩ አየኋት። እውነቱን ነው፣ ነክቷል። ግን ሁሌም የሚነካው ቀበሮዋ አፋፉን ከለቀቀች ከሦስት ወይም ከአራት ፍሬም በኋላ ነው። የሰው ዓይንና ጣት እንደዚያ ነው። በልቡ ገና አፋፉ ላይ እያለ ነው የዘለለው። የኔ ሕግ ግን አልሰማውም።

ጌም ሠሪዎች ለዚህ መላ አላቸው። «ኮዮቴ ታይም» ይሉታል። ስሙ የመጣው ካርቱን ላይ ገደሉን አልፎ አየር ላይ ከሚሮጠውና ቁልቁል ሲያይ ብቻ ከሚወድቀው ኮዮቴ፣ ተኩላ ከሚመስለው የአሜሪካ እንስሳ፣ ነው። መሬት ከለቀቅክ በኋላም ለጥቂት ፍሬም መዝለል ይፈቀድልህ ማለት ነው። ለቀበሮዬ 6 ፍሬም ሰጠኋት። የሰከንድ አንድ አስረኛ። ኮዱ አምስት መስመር ቢሆን ነው።

በማግስቱ ልጁ እንደገና ስልኩን ያዘ። ገደሉን ዘለለው። ቀጣዩንም ዘለለው። ቀና ብሎ «አክስቴ፣ ጎበዝ ሆንኩ!» አለኝ። ምንም አልነገርኩትም። ጎበዝ ነው ብዬ ሳምኩት። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ከደስታ የተነሳ። ያቺ አንድ አስረኛ ሰከንድ የኔ ናት። ማንም አያያትም፣ ልጁ ግን ተሰምቶታል።

ጠብ ያለልኝ ይሄ ነው። የአጎቴን ልጅ ይህን እንዴት አድርጌ እንደማስረዳው ነበር የጠፋኝ።

ይህ የኔ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ አውቃለሁ። ትልልቆቹን ጌሞች ወደኋላ ብትከተሏቸው ብዙዎቹ መነሻቸው እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በ1984 ሞስኮ ውስጥ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ቴትሪስን፣ ያንን ከላይ የሚወርዱ ብሎኮችን የመደርደር ጌም፣ ሠራ። የሚሠራው በሳይንስ አካዳሚው የኮምፒውተር ማዕከል ነበር፣ ጌም ሥራው አልነበረም። የነበረው ማሽን ሥዕል እንኳ ማሳየት ስለማይችል ብሎኮቹን በቅንፍ ምልክት ነበር የሚያሳያቸው። ከጌሙ ሮያሊቲ፣ ማለትም ለፈጣሪው የሚደርሰውን ድርሻ፣ ማግኘት የጀመረው በ1996 ነው። አስራ ሁለት ዓመት! እስከዚያ ድረስ ዓለም ሁሉ ተጫውቶታል።

2048 የሚባለውን ቁጥር የማጣመር ጌም የሠራው ጣሊያናዊው ጋብሪኤሌ ቺሩሊ ደግሞ በ2014 ሲሠራው 19 ዓመቱ ነበር። አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው የፈጀበት። ጌም ከባዶ ተነስቼ መጻፍ እችል ይሆን ብሎ ራሱን ለመሞከር ነው የጀመረው። ኮዱንም በነጻ ለቀቀው፣ ሌሎች ወስደው የራሳቸውን እንዲሠሩበት።

ከሁሉም ልቤን የሚነካኝ ግን ወርድል የሚባለው ቃል የመገመት ጌም ታሪክ ነው። ለነገሩ ወርድል ሲጀመር አፕ አልነበረም፣ በብራውዘር የሚከፈት ነበር። ግን ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው የተጫወተው። ጆሽ ዋርድል የሠራው ለፍቅር ጓደኛው ነው፣ የቃላት ጨዋታ ትወድ ስለነበር። ለተወሰኑ ወራት ሁለቱ ብቻ ተጫወቱት። ከዚያ ለቤተሰብ ተዳረሰ። በ2021 ኖቬምበር 1 ቀን የተጫወተው ሰው 90 ብቻ ነበር። ሁለት ወር ሲሆነው በቀን ከ300 ሺህ በላይ ሆነ። ማስታወቂያ አልነበረበትም። በጃንዋሪ 2022 ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛው።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ መጨረሻውን ነው የሚያወራው፣ ሽያጩን። እኔ የማስበው መጀመሪያውን ነው። እነዚያን ሁለት ሰዎች ብቻ የተጫወቱባቸውን ወራት። አንድ ሰው ማታ ተቀምጦ፣ የሚወዳት ሴት ነገ ጠዋት የቱን ቃል ትገምት ይሆን ብሎ ሲያስብ ይታየኛል። እዚያው ቢቀር ኖሮስ? ለኔ በዚያ ጊዜም ቢሆን ጌሙ ተሳክቷል።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘብ ማውራት አለብኝ፣ አለበለዚያ ያለባበስኩ ይመስለኛል። ገንዘብ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በዚህ ሥራ እንጀራውን የሚያበስል ሰው ክብር ይገባዋል። መሣሪያውም ዛሬ በእጃችን ነው። የአፕል አፕ ስቶር በ2008 ሲከፈት የነበሩት አፖች 500 ያህል ብቻ ናቸው። ዛሬ እንደ ጎዶት ያለ ነጻ ኢንጂን፣ ማለትም ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር፣ አለ። ጎግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ አፕል ጋ በዓመት 99 ዶላር ይከፈላል። ከዚያ ጌማችሁ የስቶሮቹን ፍተሻ ካለፈ ሰው እጅ ይገባል። ስለዚህ ለገንዘብ መሞከርም ያው ተፈጥሯዊ ነው። እኔም ሞክሬዋለሁ።

ሁለተኛው ጌሜ ላይ ማስታወቂያ አስገባሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ልቤን እየበላው መጣ። ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ ስልኬን አንስቼ ስንት ሰው አየው፣ ስንት ገባ እላለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ እንደገና። ማታ ላፕቶፑን ስከፍት ጌሙን ሳይሆን ቁጥሩን ነው የምከፍተው። ማስታወቂያው ተጫዋቹ አንድ ደረጃ ከጨረሰ በኋላ ቢመጣ ይሻላል ወይስ ከተሸነፈ በኋላ? ይህን ሳሰላ ሁለት ወር አለፈ። በሁለቱ ወር ውስጥ አንዲት አዲስ ደረጃ አልሠራሁም። ሦስተኛው ወር ላይ ፕሮጀክቱን መክፈት ራሱ አስጠላኝ። ያ ሁሉ ማታ እየተሯሯጥኩ የምቀመጥበት ወንበር እንደ ሁለተኛ መሥሪያ ቤት ሆነብኝ።

ከጊዜ በኋላ ይህን ነገር የሚያስረዳ አንድ ጥናት አነበብኩ። ኤድዋርድ ዴሲ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1971 ያሳተመው ነው። ተማሪዎችን ሰብስቦ ሶማ የሚባል የመገጣጠም እንቆቅልሽ ሰጣቸው። ለሦስት ቀን ነው። በሁለተኛው ቀን ለግማሾቹ ለእያንዳንዱ ለፈቱት እንቆቅልሽ አንድ አንድ ዶላር ከፈላቸው። በሦስተኛው ቀን ክፍያው ቀረ። በየቀኑ መሃል ላይ ተመራማሪው ለጥቂት ደቂቃ ይወጣል። ክፍሉ ውስጥ መጽሔት አለ፣ እንቆቅልሹም አለ፣ የፈለጋችሁትን አድርጉ ተብለዋል። ተከፍሏቸው የነበሩት ክፍያው ሲቀር እንቆቅልሹን በገዛ ፈቃዳቸው የሚነኩበት ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ቀነሰ። ያልተከፈላቸው ግን አልቀነሱም።

ይህን ሳነብ ያ ወንበር ነው ትዝ ያለኝ። ማስታወቂያውን አወጣሁት። ወደ ጌሙ ለመመለስ ግን ሳምንታት ፈጀብኝ፣ ወዲያው አልመጣም።

ፍላፒ በርድን፣ ያንን ወፏን በቧንቧዎች መሃል የማሳለፍ የስልክ ጌም፣ ታስታውሱታላችሁ? ቬትናማዊው ዶንግ ንዌን በሜይ 2013 ያወጣው ነው። ለወራት ማንም ልብ ሳይለው ቆይቶ በ2014 መጀመሪያ ዓለምን አጥለቀለቀ። በቀን 50 ሺህ ዶላር ያስገባለት ነበር ተብሏል። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ በገዛ እጁ ከስቶሮቹ አወረደው። ሰዎች ሱስ እንደሆነባቸው ሲያይ እንዳሳሰበው ተናግሯል። ያኔ ብዙ ሰው አበደ እንዴ ብሎት ነበር። እኔ ግን እረዳዋለሁ። ሰው እጁ የሠራውን ነገር ሲያየው ካላወቀው ምን ያድርግ?

ሌላ የሚጎትተኝ ነገር አለ። ቀን የምሠራው ሥራ ትልቅ ነው፣ ብዙ ሰው አለበት። የኔ ድርሻ አንዲት ቁራጭ ናት። ከየት እንደመጣች አላይም፣ የት እንደምትደርስም አላይም። ማታ ግን ቀበሮዋን የምሥላት እኔ ነኝ፣ የምታራምዳትን ኮድ የምጽፈው እኔ ነኝ። ቅጠል ስትረግጥ የሚሰማው ድምፅ እንኳ እኔ ወረቀት ጨምድጄ የቀዳሁት ነው። ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ። ሙሉ ነገር መሥራት እንዴት እንደሚያሳርፍ የሠራ ያውቀዋል።

ያልጨረስኳቸውም አሉ፣ አስራ አንድ ናቸው። አንዱ ላይ ውጤት ማስቀመጥ ተማርኩ፣ አንዱ ላይ ድምፅ፣ አንዱ ላይ ጠላት እንዴት መንገድ እንደሚፈልግ። አልጠፉም፣ ቀበሮዋ ውስጥ አሉ።

ጌም ጃምንም ሳልጠቅስ አልለፍ። ግሎባል ጌም ጃም ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል። ለብዙ ዓመታት ደንቡ በ48 ሰዓት ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ ጌም መሥራት ነበር። ውድድር አይደለም። ቅዳሜና እሁዱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ የሠራው ሰው ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። አንድ ጊዜ ከማላውቀው ሰው ጋር ተጣመርኩ። እሱ ሙዚቃ ይሠራል፣ እኔ ኮድ። እኩለ ሌሊት ላይ ሙዚቃውን ሲልክልኝና ገጸ ባሕሪዬ በምቱ ስትራመድ ሁለታችንም በየስልካችን ጮህን። እስከዛሬ እንደዋወላለን።

ትናንት የአጎቴ ልጅ ተመልሶ መጣ። ምንም ላስረዳው አልሞከርኩም። ስልኩን ሰጠሁትና እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ሰው ጌማችሁን ሲጫወት ዝም ማለት ከባድ ነው። «እዚህ ጋ ንካ» ለማለት ምላሳችሁን ይበላችኋል። ግን ዝም ነው። ቁልፉን በእጁ እንደያዘ፣ ሊሄድ እየተነሳ ነው የጀመረው። አንዴ ወደቀ። ሁለቴ ወደቀ። ሦስተኛው ላይ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። «ይሄ ድልድይ ግን ለምን እንዲህ ቶሎ ይፈርሳል?» አለኝ ቀና ሳይል።

ወረቀት አንስቼ ጻፍኩት፦ ድልድይ፣ ቶሎ ይፈርሳል። እውነቱን ነው። ከተረገጠ በኋላ የሚቆየው ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ወደ አንድ ሰከንድ ላሳድገውና ልሞክረው ነው። እናንተም ቸር ሰንብቱ።