እጥበቱ ወደ ቤት ይምጣ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ?

እናቴ ዳባት ትኖር ነበር። ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን ጎንደር እንመጣለን። ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ትቆያለች። ማሽኑ ደሟን ያጥብላታል፣ መንገዱ መልሶ ይጥላታል። «ለምን እቤታችን አይሆንም?» ትለኝ ነበር።

አንዱ መልስ ውሃ ነው። አንድ እጥበት 120 ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ ይፈጃል። ስድስት ጀሪካን ማለት ነው፣ ሲጣራ የሚደፋው ሳይቆጠር። የቧንቧ ውሃ እንዳለ አይሆንም። ስንጠጣው አንጀታችን ይመርጥልናል፤ ማሽኑ ላይ ግን ውሃውንና ደሙን የሚለያቸው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ክሎሪን ውሃው ውስጥ ከቀረ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። የመብራቱን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ልቤ ያለው በሆድ በኩል በሚደረገው እጥበት ላይ ነው። ሁለት ሊትር ያህል ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ሆድ ውስጥ ይገባል። ለሰዓታት ይቆያል። የሆድ ዕቃ ሽፋን ራሱ ማጣሪያ ሆኖ ቆሻሻውን ከደም ያወጣል። ከዚያ ይፈስሳል፣ አዲስ ይተካል፤ ብዙውን ጊዜ በቀን አራቴ። መብራት አይጠይቅም። ከረጢቱን ከፍ አድርጎ የሚሰቅል ምስማር ይበቃል። አደጋም አለው፣ አልደብቃችሁም። ጀርም ከገባ ሆድ ይቆጣል፣ ሊገድልም ይችላል።

ትልቁ ጣጣ ግን ፈሳሹ ነው። በቀን 8 ሊትር፣ በወር 240 ሊትር! ይህ ሁሉ ተጭኖ ዳባት ሲደርስ አስቡት። አብዛኛው እኮ ውሃ ነው። ቀሪው ግሉኮስ፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ላክቴት ነው፤ በእጅ የሚያዝ። ታዲያ ይህን ብቻ ወስደን ውሃውን እዚያው ጤና ጣቢያ ብናዘጋጀውስ? በሌላ አገርም በዚሁ ሐሳብ የሚደክሙ መሐንዲሶች አሉ። ከባዱ ንጽሕናው ነው። ጀርሙን መግደል አይበቃም፤ ሞቶ የሚተወው መርዝም መውጣት አለበት። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ሕክምናን ወደ ሰው ደጅ መውሰድ ለጎንደር አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. እዚህ የጤና ኮሌጅ ሲከፈት የገጠር ጤና ባለሙያ ለማፍራት ነበር።

የባዮሜዲካል፣ የኬሚካል ምህንድስና፣ የፋርማሲ ልጆች፤ ሰኞ ከሰዓት ቤተ ሙከራው ክፍት ነው። ሥራችን የሚጀምረው ውሃ ከመፈተሽ ነው። ከአዘዞ የሆናችሁ ከአዘዞ፣ ከማራኪ የሆናችሁ ከማራኪ አንድ አንድ ሊትር ቅዱ። የዳባቱን እኔ ይዤ እመጣለሁ።