በካምፐር ትሬለር ከሜልበርን እስከ ፐርዝ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሜልበርን ፐርዝ ወደ 3,400 ኪሎ ሜትር ነው። ዘንድሮ ልጆቻችሁን ይዛችሁ፣ ካምፐር ትሬለር (መኪና የሚጎትተው የማደሪያ ተሳቢ) እየጎተታችሁ በዚህ መንገድ ለመጓዝ ያሰባችሁ ብዙ ናችሁ። በስልክ ከጠየቃችሁኝ አራቱን እዚህ መልሻለሁ።

የሦስት ልጆች አባት፣ ከፉትስክሬይ፦ «ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ ተሳቢው ግራና ቀኝ ተወናጨፈብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?»

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አጫጫን ላይ ነው። ብስክሌቱም ጄኔሬተሩም የውሃ ጀሪካኑም ከኋላ ይከመራል። የተሳቢው ኋላ ሲከብድ ፊቱ ይቀላል። ያኔ ትንሽ ንፋስ ይበቃዋል። ረጃጅሞቹ ሮድ ትሬይኖች (ብዙ ተሳቢ የሚጎትቱ የጭነት መኪናዎች) በአጠገብዎ ሲያልፉ የሚገፋዎት ንፋስ ደግሞ ትንሽ አይደለም።

ከባዱን ዕቃ በተሳቢው ጎማዎች ላይና ከእነሱ ትንሽ ወደ ፊት ያድርጉት። ከጠቅላላ ክብደቱ 10 በመቶ ያህሉ መጎተቻው ላይ ይረፍ። ተሳቢው 1,500 ኪሎ ከሆነ 150 ኪሎ ማለት ነው። ውሃውን አይርሱት፤ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። እባክዎ በግምት አይውጡ። ሁሉን ጭነው፣ ውሃውን ሞልተው፣ ሚዛን ላይ ያውጡትና ተሳቢው ላይ ከተጻፈው የክብደት ገደብ ጋር ያስተያዩት።

እንደገና ከተወናጨፈ የመኪናውን ፍሬን አይርገጡ። መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ እግርዎን ከነዳጅ ላይ ያንሱ። ተሳቢው የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው፣ አጠገብዎ ባለው መቆጣጠሪያ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ ቀስ አድርገው ያስይዙ። መሪ እየጠመዘዙ ላስተካክል ማለት ነው መኪና የሚገለብጠው።

እናት፣ ከሰንሻይን፦ «ልጆቼ መኪና ውስጥ ይሰለቻሉ። ተሳቢው ውስጥ ተኝተው ቢሄዱስ?»

በፍጹም፣ እህቴ። ሕጉም ይከለክላል፤ ባይከለክልም ቀበቶ የሌለበት ቦታ ልጅ አይጫንም። በየሁለት ሰዓቱ ቆመው ያሯሩጧቸው። ጀምበር ሳትጠልቅም ማደሪያ ይያዙ። ካንጋሮ የሚወጣው ሲመሽና ሲነጋጋ ነው። ድንገት ከፊትዎ ከገባ ፍሬን ይያዙ እንጂ መሪ አይጠምዝዙ።

ከሜልበርን የደወሉ አድማጭ፦ «አማቴ ፐርዝ ናቸው። ማር ልወስድላቸው አስቤ ነበር።»

አሳብዎ ደስ ይላል፤ ግን ማሩ ድንበር ላይ ይቀራል። ምዕራብ አውስትራሊያ ንቦቿን ከበሽታ ለመጠበቅ ከሌላ ክልል ማር አታስገባም። ፍተሻው ናላርቦር የተባለውን ሰፊ ሜዳ እያቋረጡ ድንበሩ ላይ ሲደርሱ ነው። ከዚያ በፊትም በፍራፍሬ ዝንብ ምክንያት ቲማቲምና ቃሪያ ይዘው ወደ ደቡብ አውስትራሊያ መግባት አይችሉም። ስለዚህ ቤት ወጥ ሠርተው፣ አቀዝቅዘው ይዘው ይውጡ። ቲማቲምና ቃሪያውን በየደረሱበት ከተማ ይግዙ። ለእማማ ማሩን እዚያው ፐርዝ ይግዙላቸው።

ወጣት፣ ከአደላይድ፦ «እናቴ ያለ ቡና አትሄድም። ካምፕ ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ይቻላል?»

ቡናውን ማንም አይከለክላትም፤ ከሰሉ ነው ጉዳዩ። በበጋ ሙሉ የእሳት እገዳ በሚታወጅበት ቀን ደጅ ላይ ከሰል ማቀጣጠል ወንጀል ነው። አንድ ፍንጣሪ ሣሩን ይዞ ስንት ቤት እንደሚያወድም እዚህ አገር የኖረ ያውቃል። የጋዝ ምድጃም የራሱ ደንብ አለው፤ የዕለቱን ደንብ የካምፑን ኃላፊ ጠይቅ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማሳስብህ ግን ሌላ ነው። ብርድ ሆነ ብላችሁ ከሰሉን ድንኳኑ ወይም ተሳቢው ውስጥ እንዳታስገቡት። ጭስ ባይታይም፣ ፍሙ ያለቀ ቢመስልም፣ የከሰሉ መርዝ አይሸትም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። አገር ቤትም በዚህ ምክንያት ስንት ሰው አጥተናል። ቡናው እንዳለቀ ፍሙ ላይ ውሃ አፍስሱ። አመዱን በእጅህ ጀርባ ጠጋ ብለህ ሙቀቱን ፈትሽ። ጨርሶ ሳይቀዘቅዝ አትተኙ።