የወንዛችን ቆሌ ጭራ የላትም

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ ጓደኞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው ዓመት እዚሁ አዳራሽ መብራት ጠፍቶብን፣ በስልክ ብርሃን ተረት ስናነብ ያመሸን ዛሬም አለን። ደስ ይላል።

በተረትና በምናብ ልቦለድ ስላሉ የውሃ መናፍስት ተናገሪ ተብያለሁ። ሆዴን ሲበላኝ የከረመ ነገር ስላለ ከእሱ ልጀምር።

አያቴ ጎጃም፣ ወንዝ ዳር ነው የኖረችው። በቀትር ብቻዬን ውሃ ልካኝ አታውቅም። ግድ ከሆነ ራሷ ትከተለኛለች። አፋፉ ላይ ቆማ ጮክ ብላ ታስላለች። «ሳታስታውቂ አትውረጂ፤ ባለቤቶች አሉት» ትለኛለች። «በስመ አብ» ሳልል ቅሉን ከነከርኩ እጄን ቸብ ታደርገኛለች። አንድ ቀን ቅሉ አመለጠኝና ወንዙ ይዞት ሄደ። ልሮጥ ስል ነጠላዬን ያዘችኝ። «ተይው፤ ወስደውታል» አለች። ማታ ቡና ሲፈላ ከአቦሉ መሬት ላይ ጠብ አደረገች። እነማን እንደወሰዱት ብጠይቃት ዝም። ስማቸው አይጠራማ!

ይህን ጽፌ ለአንድ አሳታሚ ወሰድኩት። «ልጆች ጋኔን አይወዱም። ሜርሜይድ አድርጊያት፤ የዓሣ ጭራ ጨምሪላት» አለኝ።

ጭራ! የኮፐንሃገኗ የሜርሜይድ ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ ድንጋዩዋ ላይ ተቀምጣለች። ውብ ናት፤ የራሷ ባሕር አላት። ስላቮች ሩሳልካ የምትባል የውሃ መንፈስ አለቻቸው፤ ምዕራብ አፍሪካውያን ደግሞ ማሚ ዋታ አለቻቸው። ሁሉም የየራሳቸውን ይተርካሉ። የአባይ ምንጭ ያለበት አገር ልጅ ለምን ይበደራል?

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የአባይ ምንጭ ያለበት ግሽ ሲደርስ አገዎች ምንጩን ሲያከብሩ አይቷል። ምንጩ ውስጥ ያለውን መንፈስ «የዓለም ብርሃን፣ የዓለም ዓይን» እያሉ እንደሚለምኑት፣ በዓመት አንዴ ጥቁር ጊደር እንደሚያርዱለት ጽፏል። እዚያው ግሽ አቡነ ዘርአ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው፣ ከእስር ሲፈቱ ሳይርስ መልሶላቸዋል ይባላል። እስቲ ልብ በሉ፤ አደራ የሚጠብቅ ውሃ! ከዚህ በላይ ምን ምናብ ይፈለጋል?

ለእነዚህ ተረቶች ስለሚሣለው ሥዕልም ልናገር ነበር። አጭሩን ልበል፤ ሠዓሊዎቻችን ታንኳ ይሣሉልን፣ ደንገል ይሣሉልን።

አሳታሚው ያልፈለገው ጽሑፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንድ ቃል አልቀየርኩም። ከፈቀዳችሁልኝ ቅሉ የጠፋበትን ገጽ አሁን ላንብብላችሁ።